ለፒቢኤፍ ሥልጠና ማን ይሂድ? የትኛውስ ይመረጥ?

ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ይመጣል። ርዕሱ «በአፈጻጸም ላይ የተመሠረተ የጤና ፋይናንስ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒቢኤፍ የሚባለው ነው። ሁለት ሳምንት፣ ጎረቤት አገር፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ ስም እስከ ዓርብ። ቢሮው ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ተራው የማን ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አበሉ በዶላር ነው?» ሥልጠናው ምን እንደሚያስተምር የሚጠይቅ ሰው ካለ ሦስተኛ ነው። ብዙ ጊዜም የለም።

አልፈርድም። እኔም በተራዬ ሄጃለሁ። ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የተሰጠን የማጣሪያ ቅጽ ግን ከሦስት ወር በኋላ ሲፈለግ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። እዚህ የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው በነገረኝ ኖሮ የምለውን ነው። የክልል ጤና ቢሮ፣ የዞን ጤና መምሪያ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የሆስፒታል ኃላፊ ከሆናችሁ ይመለከታችኋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ

ፒቢኤፍ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በተለመደው አሠራር መንግሥት ወይም ረጂ ድርጅት መድኃኒቱን፣ ነዳጁን፣ ወረቀቱን አስቀድሞ ገዝቶ ይሰጣል። ከዚያ ሥራው ይሠራል ብሎ ይጠብቃል። በፒቢኤፍ ጤና ጣቢያው ውል ይፈርማል፣ ይሠራል፣ የሠራው ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ይጣራል፣ ጥራቱ ይመዘናል። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ነው በጤና ጣቢያው የባንክ ሒሳብ የሚገባው። በምን ላይ እንደሚውል በአብዛኛው የሚወስነውም ጤና ጣቢያው ነው። የተወሰነው ለሠራተኛ ማበረታቻ፣ የቀረው ለመድኃኒት፣ ለጥገና፣ ለውኃ ታንከር።

ቁጥር ካልገባበት ግን ለማንም አይገባም። አንድ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። ዋጋዎቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን በየአገሩ የሚሠራበት ነው።

በሩብ ዓመቱ 48 እናቶች ወልደዋል ብሎ ሪፖርት አደረገ። አጣሪዎች መዝገቡን ሲያዩ 45 አገኙ። በ300 ብር ሲባዛ 13,500። አራተኛ የቅድመ ወሊድ ክትትል 60 አለ፣ 58 ተገኘ፤ በ120 ብር 6,960። ክትባታቸውን የጨረሱ ሕፃናት 70 አለ፣ 70ውም ተገኙ፤ በ80 ብር 5,600። አዲስ የቤተሰብ ዕቅድ ተጠቃሚ 110 አለ፣ 102 ተገኘ፤ በ60 ብር 6,120። ድምሩ 32,180 ብር። ጤና ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ 20 በመቶ ተጨመረለትና 38,616 ደረሰ።

አሁን ጥራት ይግባ። በምዘናው 75 በመቶ አገኘ። በሩዋንዳ ቀመር ከሄድን ድምሩ በጥራት ውጤቱ ይባዛል፤ የሚከፈለው 28,962 ብር ይሆናል። በሌላው አካሄድ ጥራት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እስከ 25 በመቶ ጉርሻ ካለ የዚያ ሦስት አራተኛው ይታሰባል፤ ክፍያው 45,856 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ሥራው ያው፣ መዝገቡ ያው፣ አዋላጇም ያችው ናት። ልዩነቱ ግን ከ16 ሺህ ብር በላይ ነው።

ይህን ስሌት በገዛ እጁ ሳይሠራ፣ «ለእኛ የትኛው ቀመር ይሻላል?» ብሎ ሳይከራከር የተመለሰ ሠልጣኝ ፒቢኤፍ አልተማረም። ስለ ፒቢኤፍ ሰምቷል።

ሲመለስ የትኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል?

ሥልጠናውን ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ወስኑ። ፒቢኤፍ ሥራን ይለያያል። አገልግሎት የሚሰጠው ጤና ጣቢያው ነው። ውል የሚፈርመውና ቁጥር የሚያጣራው ሌላ ነው። ጥራት የሚመዝነው ሌላ፣ ገንዘብ የሚለቀው ሌላ። የቀበሌው ሰውም «እውነት ታክማችኋል?» ተብሎ ይጠየቃል።

የጤና ጣቢያ ኃላፊ ስለ ዓለም አቀፍ ጥናቶች ሦስት ቀን ቢሰማ ምን ያደርግለታል? እሱ የቸገረው ሌላ ነው። የሩብ ዓመት ቢዝነስ ፕላን መጻፍ አለበት። ጉርሻውን ለጤና መኮንኑም፣ ለካርድ ክፍሏ ልጅም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ጠብ በማያስነሳ መንገድ ማካፈል አለበት። የመጀመሪያው ክፍፍል ቀን ላይ የተበላሸ ነገር ዓመቱን ሙሉ አይቃናም። የክልሉ ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ደግሞ ዋጋ አወጣጥና በጀት ያስፈልገዋል። አጣሪዋ መዝገብ ማንበብ። የፋይናንስ ባለሙያው ሕጉ የት ድረስ እንደሚፈቅድለት ማወቅ።

ለእነዚህ ሁሉ አንድ ሥልጠና ይበቃል የሚላችሁ ካለ ሻጭ ነው።

ሁለት ሳምንት ውጭ አገር

በዚህ ዘርፍ ስም ያለው ይኸኛው ነው። ሲና ሄልዝ የተባለው የሆላንድ አማካሪ ድርጅት ለዓመታት እንደ ሞምባሳ ባሉ የአፍሪካ ከተሞች ሲሰጠው የቆየው ኮርስ የዚህ ዓይነት ነው። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ኢኮኖሚክስ አለው፣ ውል አዘገጃጀት አለው፣ የዋጋ አወጣጥ አለው፣ የጤና ተቋም ጉብኝት አለው፣ መጨረሻ ላይ ፈተና አለው። የየአገሩ ቡድን የራሱን የሥራ ዕቅድ ይዞ ይመለሳል።

ትልቁ ጥቅሙ አብሮ የሚማረው ሰው ነው። ምሳ ላይ ከዚምባብዌ የመጣች የወረዳ ኃላፊ አጠገብ ተቀምጣችሁ «ክፍያ ሲዘገይባችሁ ምን አደረጋችሁ?» ብትሏት በስላይድ የማይገኝ መልስ ታገኛላችሁ። መራቁም ራሱ ጥቅም ነው። ለአስቸኳይ ስብሰባ የሚጠራ የለም። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ግማሹ ሠልጣኝ ከምሳ በኋላ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ጉድለቱ ሞዴሉ በጣም ተወልውሎ መቅረቡ ነው። ገዢና አቅራቢ ይለያዩ ይባላል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ከፈለገው አቅራቢ ይግዛ፣ ሠራተኛም ራሱ ይቅጠር ይባላል። አገር ቤት ስትመለሱ የግዢ መመሪያ አለ፣ ሲቪል ሰርቪስ አለ፣ የወረዳው ፑል (የጋራ) ፋይናንስ አለ። ሁለቱን የማስታረቁ ሥራ የእናንተ ነው፤ ኮርሱ አብሯችሁ አይመጣም።

ስለዚህ ይህ ሥልጠና ፕሮግራሙን ለሚነድፉ ሰዎች ነው፤ ለክልል ዕቅድና ፋይናንስ ክፍል፣ ለሚኒስቴር ባለሙያ፣ ለፕሮጀክት መሪ። ለጤና ጣቢያ ኃላፊ ውድ ነው፣ ሥራውንም አይነካለትም። ቋንቋውን ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህ ሙያ ያደገው በማዕከላዊና በምዕራብ አፍሪካ ስለሆነ በፈረንሳይኛ የሚሰጡ ኮርሶች ብዙ ናቸው። በአስተርጓሚ የተሰማ የዋጋ ስሌት ራስ ምታት ብቻ ነው የሚተርፈው።

ሄዶ ማየት፦ ሩዋንዳ? ቡሩንዲ? ዚምባብዌ?

የልምድ ልውውጥ ሲባል ሁሉም ሰው ኪጋሊን ያስባል። ምክንያት አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሩዋንዳ ውስጥ በቡታሬና በቻንጉጉ የተጀመሩት ሙከራዎች በ2006 አገር አቀፍ ሆነዋል። ሆስፒታሎች እርስ በርስ የሚመዛዘኑበት ሥርዓት አለ። የጤና መድኑ ሕዝቡ ውስጥ ገብቷል። የወረዳ ከንቲባዎች ደግሞ ኢሚሂጎ የሚባለውን የአፈጻጸም ውል በየዓመቱ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይፈራረማሉ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የምታዩት ፒቢኤፍን ብቻ አይደለም። ፒቢኤፍን፣ መድኑን፣ ኢሚሂጎንና ጠንካራ የወረዳ አስተዳደርን አንድ ላይ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን መዝዞ ወደ ቤት ማምጣት እጀታውን ብቻ ይዞ መጥረቢያ አገኘሁ እንደማለት ነው።

ለእኛ አገር ሰው እኔን ብትጠይቁኝ ቡሩንዲ ይበልጥ ታስተምራለች። ቡሩንዲ በ2006 ወሊድንና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና በነጻ አደረገች። ጤና ተቋማቱ በሕሙማን ተጥለቀለቁ፤ የሚመለስላቸው ገንዘብ ግን ዘገየ። በ2010 ፒቢኤፍ አገር አቀፍ ሲሆን ሁለቱን አጣመሩት። ጤና ጣቢያው በነጻ ላዋለደው በፒቢኤፍ በኩል ይከፈለዋል። በእኛም አገር ወሊድ በነጻ ነው። ለነጻው አገልግሎት ጓንቱንና መድኃኒቱን ከውስጥ ገቢው የሚሸፍን ጤና ጣቢያ ኃላፊ ይህን ጉዳይ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ዚምባብዌም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትመቻለች። እዚያ የሚታየው ጥሩ ነገር የማጣራት ወጪን የቀነሱበት መንገድ ነው። ሪፖርታቸው ከመዝገባቸው ጋር የሚገጥም ተቋማት አልፎ አልፎ ብቻ ይጎበኛሉ፤ የሚያዛንፉት በተደጋጋሚ ይጎበኛሉ። ማጣራት ገንዘብ ይበላል። መኪና ነው፣ ነዳጅ ነው፣ አበል ነው። ይህን ያልነገራችሁ አሠልጣኝ ግማሹን ደብቋችኋል።

የትም ብትሄዱ ለጉብኝት የተጠረገውን ግቢ አይታችሁ አትመለሱ። ክፍያ የሚጸድቅበትን የወረዳ ስብሰባ አስገቡን በሉ። ውድቅ የተደረገ የክፍያ ጥያቄ አሳዩን በሉ። እነዚህን የማያሳይ አስተናጋጅ ቡና ያጠጣችኋል፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ በቃ።

እዚሁ፣ መዝገብ ፊት

አሁን የምወደው ላይ ደረስኩ። አገር ውስጥ፣ ወረዳ ላይ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ግማሹ ጊዜ ጤና ጣቢያ ውስጥ። ሆቴሉ አይመችም፤ ሠልጣኙ ግን ሥራ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን እንዲህ ይሄዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መስመር ይቆጥራሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ ያዋለደው ሰው ፊርማ። አንድ ቦታ ከጎደለ መስመሩ አይቆጠርም። ከዚያ የተወሰኑ መስመሮች ይመረጡና ካርድ ክፍል ይወረዳል። ካርዱ አለ? ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ቅጹ) ውስጡ ነው? ቀኑ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል? በመጨረሻ ቆጠራው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ ከገባው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል።

እዚህ ላይ ነው የሠልጣኙ ዓይን የሚከፈተው። አንድ የድሮ አጣሪ የነገረኝን አልረሳውም፦ «መዝገቡ በጣም ንጹሕ ከሆነ ጠርጥር።» እውነተኛ የማዋለጃ መዝገብ ጠብታ አለበት፣ ስርዝ አለበት፣ ሌሊት የተጻፈው እጅ ጽሑፍ ከቀኑ ይለያል። አሥራ አንድ መስመር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በተመሳሳይ ድምቀት ተሞልቶ ካያችሁ ወር መጨረሻ ላይ ቁጭ ተብሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሁሌ ሌብነት ነው ማለት አይደለም። አዋላጇ ብቻዋን ሆና ጊዜ አጥታ ሊሆን ይችላል። ያንን መለየት ግን ከስላይድ አይገኝም። ያልተገላበጠ ያራል የተባለው ለመዝገብም ይሠራል።

ከሰዓት በኋላ የቤት ለቤቱ ይቀጥላል። ከመዝገቡ በዕጣ የወጡ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ተሂዶ በእርግጥ አሉ ወይ፣ አገልግሎቱን አግኝተዋል ወይ፣ ገንዘብ ከፍለዋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። የቤተሰብ ዕቅድ ተጠቃሚን ባሏ ወይም አማቷ ባሉበት «መርፌውን ወስደሻል?» ብሎ የጠየቀ አጣሪ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ስለ ኤችአይቪማ አይነሳም። አሠልጣኙን «ምሥጢር የሚፈልጉ አገልግሎቶችን ቤት ለቤት እንዴት ታጣራላችሁ?» በሉት። ጥሩው አሠልጣኝ «አናጣራም፣ በሌላ መንገድ ነው» ይላችኋል።

ይህ አማራጭ ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የምንጀምረው። በ1998 ከወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ወዲህ ጤና ተቋማት የውስጥ ገቢያቸውን ይዘው እንዲጠቀሙ፣ የሥራ አመራር ቦርድም እንዲኖራቸው ተደርጓል። የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ በየወሩ ይሰበሰባል ተብሎ ይታሰባል። የመረጃ ጥራትም በናሙና ይፈተሻል። ስለዚህ የወረዳ ሠልጣኝ ግማሹን ቋንቋ ያውቀዋል። ፒቢኤፍን ራሱን ማየት ለሚፈልግም ኮርዴድ የተባለው የሆላንድ ድርጅት በቦረና ዞን፣ በኋላም በጅማ ዞን ሞክሮታል። ቦረና፣ ያቤሎ ድረስ መሄድ እንደ ኪጋሊ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ መልሱም በአማርኛና በኦሮምኛ ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም። አሠልጣኝ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንድ ሰው ውጭ ይሠለጥናል፣ እሱ ቲኦቲ (የአሠልጣኞች ሥልጠና) ይሰጣል፣ እነሱ ደግሞ ለወረዳ ያወርዳሉ። በየደረጃው ቀን ይቀነሳል። ሁለት ሳምንት የነበረው አምስት ቀን ይሆናል፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ታች ሲደርስ የግማሽ ቀን «ኦረንቴሽን» ነው። ከተቻለ አሠልጣኙን ራሱን ወደ ወረዳ አምጡት።

ስልክና ላፕቶፕ

በነጻ የሚገኘውን አትናቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ፋይናንስ ፖሊሲ ኢንተርኔት ኮርስ አለው፣ አይከፈልበትም። የዓለም ባንክም በ2014 ያወጣው ወፍራም የፒቢኤፍ መመሪያ በነጻ ይወርዳል። የውል ናሙና፣ የጥራት ምዘና ቅጽ፣ የዋጋ ስሌት ሁሉ አለበት። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ ያዙት።

ብቻውን ግን አይበቃም። ቤት ሆኖ ለብቻው የሚማር ሰው ሁለተኛው ክፍል ላይ ያቆማል፤ እኔን ጨምሮ። የእኔ ምክር ይህንን ለሌሎቹ አማራጮች መግቢያ ፈተና ማድረግ ነው። ኢንተርኔት ኮርሱን ያልጨረሰ ሰው ስሙ ለሞምባሳ አይላክ። የ«ተራው የማን ነው» ጭቅጭቅ በዚህ ብቻ ግማሹ ይበርዳል።

የማስተርስ ዲግሪ ለወጣት ባለሙያ ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ፕሮግራም ለሚጀምር ቢሮ ግን አይደርስም።

የሚያስተምር ወይስ የሚሰብክ?

ፒቢኤፍ ደጋፊዎቹ እንደ ሃይማኖት የያዙት ነገር ነው። ተቃዋሚዎቹም እንደዚያው። አሠልጣኛችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት አገር ጥሩለት፦ ሩዋንዳንና ናይጄሪያን።

ሩዋንዳን ሁሉም ያነሳል። በ2011 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት 166 ጤና ጣቢያዎችን አይቶ ነበር። ፒቢኤፍ በገባባቸው ተቋማት ወሊድ 23 በመቶ ጨመረ። ለመከላከያ አገልግሎት የሚመጡ ከሁለት ዓመት በታች ሕፃናት ቁጥር በ56 በመቶ አደገ። ጥናቱን ያስከበረው ደግሞ ፒቢኤፍ ያልገባባቸው ተቋማት ተመጣጣኝ ገንዘብ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማግኘታቸው ነው። ስለዚህ ለውጡ ከገንዘቡ ብዛት ብቻ የመጣ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚያቆም አሠልጣኝ ግማሹን ነው ያነበበው። በዚያው ጥናት ላይ አራት ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል የሚያደርጉ እናቶች ቁጥር አልተለወጠም። ክትባታቸውን የጨረሱ ሕፃናትም አልጨመሩም። ለምን? ዋጋውን እዩት። ለአንድ ወሊድ 4.59 ዶላር ይከፈል ነበር። አራቱን ክትትል ለጨረሰች እናት የሚከፈለው 0.37 ዶላር ነው። እናቲቱን አራት ጊዜ ማስመጣት ደግሞ በአዋላጇ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ዋጋ ማውጣት ማለት ይህ ነው። ይህን ምሳሌ ይዞ አንድ ሙሉ ጠዋት የሚያከራክር ኮርስ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ተመዝገቡ።

ናይጄሪያ ላይ ነገሩ ይጠነክራል። በአዳማዋ፣ በናሳራዋና በኦንዶ ግዛቶች አንዳንዱ ጤና ተቋም ፒቢኤፍ ገባ። ሌላው ከአፈጻጸም ጋር ያልተያያዘ ገንዘብ በቀጥታ ተሰጠው፤ መጠኑም የፒቢኤፉን ግማሽ ያህል ነበር። ሁለቱም ተሻሻሉ። በብዙ መለኪያዎች ግን በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አልታየም። በካሜሩንም ተመሳሳይ ገንዘብ ያለ ውጤት ቅድመ ሁኔታ የተሰጣቸው ተቋማት በብዙ ነገር ከፒቢኤፎቹ ጋር እኩል ሄዱ። ታንዛኒያ የፒቢኤፍ ፕሮግራም ይዛ ከቆየች በኋላ ለጤና ተቋማት በቀጥታ ገንዘብ ወደ መላክ አዘንብላለች። ብዙዎቹን ፕሮግራሞች የደገፈው የዓለም ባንክም ኋላ ላይ ጥናቶቹን አሰባስቦ ወደዚሁ የተጠጋ ነገር ነው የጻፈው።

ይህ ፒቢኤፍን ይጥለዋል? እኔ አይመስለኝም። ጤና ጣቢያው የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ ውሳኔና የሚያምነው ቁጥር ሲኖረው ይለወጣል የሚለው በሁለቱም ውስጥ አለ። ጥያቄው ለማጣራቱ የሚወጣው ገንዘብ ያዋጣል ወይ ነው። ሠልጣኛችሁ ይህን ጥያቄ ይዞ ካልተመለሰ፣ በክልሉ ምክር ቤት ፊት አንድ የፋይናንስ ሰው በሁለት ደቂቃ ያፋጥጠዋል።

ሌላ መጠየቅ ያለበት የክፍያ መዘግየት ነው። ፒቢኤፍን የሚገድለው እሱ ነው። ሠራተኛው ሌሊት ሠርቶ፣ ተቆጥሮ፣ ተጣርቶ፣ ገንዘቡ በስድስት ወሩ ከመጣ ውሉ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። የሁለተኛውን ሩብ ዓመት ውል በደስታ የሚፈርም ኃላፊ አታገኙም። የሥልጠናው መርሐ ግብር ላይ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን፣ በስንት ቀን እንደሚሄድ የሚያሠራ ክፍለ ጊዜ ከሌለ ይጨመርልን በሉ። በእኛ አገር የረጂው ገንዘብ በቻናል አንድ (በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል) ይምጣ፣ በቻናል ሁለት (በጤና ሚኒስቴር በኩል) ወይስ በሦስት (ረጂው ራሱ በቀጥታ) የሚለው ራሱ የግማሽ ቀን ክርክር ነው።

ወጪውን ስትጽፉ

የኮርሱ ክፍያ ትንሹ ቁራሽ ነው። አውሮፕላን፣ ቪዛ፣ ሆቴል፣ የውጭ ምንዛሪ አበል ጨምሩበት። ከዚያ ማንም የማይጽፈውን ጻፉ፦ ሰውየው በሌለበት ሁለት ሳምንት ማን ይፈርማል? ለሁለት ሰው የውጭ ጉዞ በሚወጣው ወረዳ ላይ ስንት ሰው ይሠለጥናል? ይህን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ረጂው ድርጅት «ለጉዞ ብቻ ነው የተመደበው» ካለም ገጹን አሳዩት። አንዳንዴ ይሰማሉ።

የዓርቡ ስም ዝርዝር

ሁለት ቦታ ብቻ ካላችሁ ሁለት ሐኪም አትላኩ። አንዱ የጤና ዕቅድ ሰው፣ ሌላው የፋይናንስ ሰው ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው ሁለተኛው ከገንዘብ ቢሮ ወይም ከወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ቢመጣ ነው። የጤናው ሰው ብቻውን ተመልሶ «ጤና ጣቢያው ጉርሻ ይክፈል» ሲል ገንዘብ ቢሮው «በየትኛው መመሪያ?» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ያርፋል። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ጭቅጭቁን እዚያው ሆቴል ውስጥ ይጨርሱታል። የሁለት ሳምንት አበል ቢያንስ ለዚህ ይዋል።

ሦስተኛ ቦታ ካለ የጤና መረጃ ባለሙያዋን ላኩ። እሷ ሁሌ የምትረሳ ሰው ናት። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ሦስቱም አንድ ጤና ጣቢያ ሄደው የባለፈውን ሩብ ዓመት የወሊድ መዝገብ ይቁጠሩ። ከሪፖርቱ ጋር ያነጻጽሩ፣ ልዩነቱን በወረቀት ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አሠልጣኙ «ከአገራችሁ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ሲል ከጎናቸው ያለው ቡድን ባንዲራና ቡና ያወጣል። የእናንተዎቹ ወረቀቱን ያውጡ።